ሰማንያኛው ቢት

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው የፋይበር መስመር ላይ የሚሳሳቱ ቢቶች በሙሉ የሚወድቁት መተሐራ አጠገብ ባለው ሰባተኛው ጣቢያ ወለል ላይ ነው። ለምን እዚያ እንደሚወድቁ የጠየቀ ሰው የለም። የወደቀ ነገር የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም።

ቢት አንድ ወይም ዜሮ ሆኖ የሚላክ የመረጃ ቅንጣት ነው። አንድ ሆኖ ተልኮ ዜሮ ሆኖ የደረሰ ቢት ነጭ ነው፤ የሰሊጥ ፍሬ ያክላል። ዜሮ ሆኖ ተልኮ አንድ ሆኖ የደረሰው ጥቁር ነው፤ ኑግ ይመስላል። ቢጫው የፋይበር ገመድ ከግድግዳው በሚወጣበት በኩል፣ ከመሣሪያው መደርደሪያ ሥር፣ ኮሽ ሳይል ይወድቃል። ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው።

ደምሰው የጣቢያው ቴክኒሽያን ነው። በየጠዋቱ ወለሉን ይጠርጋል። የጠረገውን በሰፌድ ያበጥራል፤ አቧራውን ለይቶ ፍሬዎቹን ይቆጥራል፤ ቁጥሩን በመዝገብ ያሰፍራል። በመስመሩ ላይ በሰከንድ አሥር ቢሊዮን ቢት ያልፋል። ከአንድ ትሪሊዮን ውስጥ አንድ ቢሳሳት ደንቡ ይፈቅዳል። ይህም በመቶ ሰከንድ አንድ ማለት ነው፤ በቀን ስምንት መቶ ስድሳ አራት። ቁጥሩ ከዚያ ካላለፈ ደምሰው «በተፈቀደው መጠን ውስጥ» ብሎ ይፈርማል። በአራት ዓመት ውስጥ ከዚያ ያለፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ግመል ምሰሶው ላይ ታክካ ነበር።

የተቆጠሩት በጄሪካን ይጠራቀማሉ። ጄሪካኑ ክዳን የተደረገለት በጋሽ ቦሩ ዶሮዎች ምክንያት ነው። ጋሽ ቦሩ የጣቢያው ዘበኛ ናቸው፤ የከረዩ ሰው፣ ስድሳ ያለፋቸው። ዶሮዎቻቸው አንድ ቀን ፍሬዎቹን ለቅመው በሉ።

«ምን ሆኑ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር ደምሰው።

«እነሱ ምንም አልሆኑም። እንቁላላቸው ነው እንጂ። ስሰብረው ነጩም የለ፣ አስኳሉም የለ። ቅርፊት ብቻ።»

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

«ለገበያ ላክሁት። ሳይሰበር ማን ያውቃል?»

በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ኢንጂነር ኤፍሬም ከአዲስ አበባ ይደውላል።

«ዛሬ ስንት ወደቀ?»

«ስድስት መቶ ሁለት።»

«ደምስሰው! ስምህ እኮ የሥራ መደብህ ነው።»

ይህን ቀልድ ለአራት ዓመት በየቀኑ ተናግሯል። ደምሰው በመጀመሪያው ዓመት ይስቅ ነበር።

ደምሰው ሴት ልጅ ነበረችው። ሰባ ዘጠኝ ቀን ኖራለች።

ክርስትና ስላልተነሣች ስም አልወጣላትም፤ እናቷ ወይንሸት ሚጣ ትላት ነበር። ወንድ ብትሆን በአርባ ቀኗ ትነሣ ነበር። ሴት በሰማንያ ነው። ሚጣ ስትጠባ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ ግንባሯን ያልባታል። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ልቧ ላይ የማይገባ ድምፅ አለ ተባሉና አዳማ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ተላኩ። የቀጠሮው ወረቀት በኮምፒውተር የታተመ ነው። «ማክሰኞ 8:00» ይላል።

«ሁለት ሰዓት ይሆን እንዴ?» አለች ወይንሸት። «የፈረንጅ እንዳይሆን።»

«ስምንት ነው የሚለው» አለ ደምሰው። «ሆስፒታል የሚጽፈው ለሕዝብ ነው። ሕዝብ በፈረንጅ ሰዓት ይታመማል?»

ወይንሸት ሳቀች። ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ጣቢያው ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ደምሰው ቀኑን ሙሉ ስድስት ሲቀንስ ይውላል፤ ሲያነብም ሲጽፍም ይቀንሳል። ከጣቢያው በር ሲወጣ መቀነሱን ያቆማል። ይህ የሥራ ልማድ ነው፤ የሥራ ልብስ አውልቆ እንደመሄድ።

ማክሰኞ ዕለት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታሉ ደረሱ። የልብ ሐኪሙ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። በሁለት ሰዓት ይገባል፣ በሰባት ይወጣል።

«አሁን፣ አሁን ነው የወጡት» አለች መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ። «በጠዋት እኮ ነበር የተጠራችሁት። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ላድርግላችሁ?»

አደረገችላቸው። አዲሱም ወረቀት 8:00 ይላል።

ሚጣ ወለንጪቲን እንዳለፉ ሚኒባሱ ውስጥ መተንፈስ አቆመች። ወይንሸት አወቀች፤ ነገር ግን ሾፌሩ እንዳያወርዳቸው መተሐራ እስኪደርሱ ለማንም አልተናገረችም። ለደምሰውም አልተናገረችም። ሦስት ጊዜ ብቻ ከቀኝ ክንዷ ወደ ግራ አዛወረቻት።

ያልተጠመቀ ልጅ ፍትሐት አይደረግለትም። ቄስ መርዓዊ ይህን ሲነግሯቸው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ሰባ ዘጠኝ» አሉ። «አንዲት ቀን እኮ ናት። በአንዲት ቀን!»

በማግስቱ የሆስፒታሉ ሰው ስልክ ደውሎ አጽናናቸው። ከሺህ ልጅ አንድ እንዲህ ዓይነት ልብ ያጋጥመዋል፣ ማንንም የሚያስወቅስ አይደለም አለ። ደምሰው ቋንቋውን ያውቀዋል። በተፈቀደው መጠን ውስጥ ነው ማለቱ ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ደምሰው ወደ ሥራው ተመለሰ። ዓቢይ ጾም ገብቷል፤ የመተሐራ ሙቀት ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። በዚህ ጊዜ ኢንጂነር ኤፍሬም አንድ የብረት ሳጥን በመኪና ጭኖ ራሱ መጣ። ሳጥኑ አራሚ ይባላል። ከመደርደሪያው ላይ ሲያስረው ደምሰው ብሎን ያቀብለው ነበር።

«ይሄ ከገባ ወለል መጥረግ ቀረልህ» አለ ኢንጂነሩ። «የሚሳሳተውን ሁሉ እዚሁ ያርመዋል።»

«ምን እንደተላከ በምን ያውቃል?»

«ትርፍ ቢቶች አብረው ይላካሉ። እንደ ምስክር ቁጠራቸው። አንዱ ሲወድቅ ምስክሮቹ ይጠየቃሉ፤ አንድ ነበረ ወይም ዜሮ ነበረ ብለው ይመሰክራሉ። እሱም ወደነበረበት ይመለሳል።»

«ምስክሮቹ ቢዋሹስ?»

«ቢት አይዋሽም፤ ይሳሳታል እንጂ።»

ደምሰው ብሎን አቀበለ። ኢንጂነሩ የፈተናውን አሠራር ነገረው። ፈተናው እስኪዘጋ ድረስ የሚወድቅ ካለ ይወድቃል። ሲዘጋ አራሚው ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን ሁሉ ያርማል፤ የወደቀውም የትም ይሁን የት ይታረማል። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ዜሮ ማሳየት አለበት። ዜሮ ካሳየ ደምሰው ይፈርማል፤ መሥሪያ ቤቱም ዕቃውን ይረከባል። የሰዓቱ ሰሌዳ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የሚዘጋበትን ሰዓት ኢንጂነሩ በመልእክት ይልክለታል።

«የሙከራውን ተከታታይ አንተ ጻፈው» አለ ኢንጂነሩ። «የፈለግኸውን ላክ። ምንም ብትልክ ያርመዋል።»

መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ኢንጂነሩ ቁልፉን በእጁ አገላበጠ። ቀልዱን ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው።

«ያንን ነገር ሰማሁ» አለ። «ያጽናህ።»

«ያኑርህ።»

በማግስቱ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ መልእክቱ መጣ። «ፈተናው ነገ በ2:00 ይዘጋል። ተዘጋጅ።»

ኢንጂነር ኤፍሬም በአራት ዓመት ውስጥ በሀበሻ ሰዓት ጽፎ አያውቅም። ደምሰው ቀነሰ። የፈረንጅ ሁለት የኛ ስምንት ነው። በጣቱ ቆጠረ፤ እንደገና በጣቱ ቆጠረ፤ ከዚያ በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ 8 ብሎ ጻፈ። ይህን ስህተት ሁለተኛ አይሠራውም።

ከዚያ ተከታታዩን ሊጽፍ ተቀመጠ።

የስህተት ፈተና የሚሠራው እንዲህ ነው። መሣሪያው አንድ የታወቀ ተከታታይ ወደ ድሬዳዋ ይልካል፤ ድሬዳዋ ያው መልሶ ይልከዋል። መሣሪያው የተመለሰውን ከላከው ጋር ያስተያያል። የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ካላወቀ ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ የመጣው ሁሉ ልክ ነው። ደምሰው በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ያሰበው ይህን ብቻ ነበር። የሚጣን ተከታታይ አስቀድሞ የጻፈ ሰው የለም። ስለዚህ የትኛው ቦታ ላይ እንደተሳሳተ ለማስተያየት የሚቀርብ ነገር የለም። ሰባ ዘጠኝ መጣ፤ ሰባ ዘጠኝ ልክ ነው ተባለ።

ሰባ ዘጠኝ ጊዜ አንድ ብሎ ጻፈ። በሰማንያኛው ቦታ ዜሮ ጻፈ። ላከው።

ድሬዳዋ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ቆጣሪው የተላከ ሰማንያ፣ ስህተት አንድ አለ። የተሳሳተው ሰማንያኛው ነው። ዜሮ ሆኖ ሄዶ አንድ ሆኖ ተመልሷል።

ደምሰው ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አየ። ጥቁር ፍሬ ነበር። አነሣው። ሞቃት ነበር።

ጋሽ ቦሩ በሩ ላይ ቆመው ያዩት ነበር።

«ዛሬ አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«አምጣው እስቲ።» በመዳፋቸው ያዙት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «አሁን የተወለደ ግልገል እንዲህ ነው የሚሞቀው» አሉ። «ምን ትሠራለህ እዚህ? ወደ እናቱ ውሰደው እንጂ!»

ደምሰው የክብሪት ቀፎ ባዶ አድርጎ ፍሬውን ከተተበት። ቀፎውን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ በባጃጅ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወይንሸት ደጅ ላይ ምስር ትለቅም ነበር።

«በጊዜ መጣህ» አለች።

«ይህን ይዤ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ሰማንያኛዋ ቀን ናት።»

ወይንሸት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቀፎውን ከፈተች፤ አየች፤ ዘጋች። ገብታ የሚጣን ማቀፊያ ጨርቅ ከሣጥን አወጣች። ፍሬውን መሐሉ ላይ አስቀምጣ ጨርቁን አራት ማዕዘን አጠፈች፤ አነሣችው። ጨርቁ ሞልቶ ነበር።

«አምስት ኪሎ ከመቶ» አለች። ሚጣ ለመጨረሻ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትመዘን አምስት ኪሎ ከመቶ ግራም ነበረች።

«ግለጪውና እንያት።»

«አልገልጥም» አለች ወይንሸት። «ተጠምቃ ትገለጥ። እስከ መቼ ነው ያለችው?»

«እስከ ነገ ስምንት ሰዓት።»

«የማን ስምንት?»

ደምሰው መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። «የኛ ስምንት። ቀንሼዋለሁ።»

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቄስ መርዓዊን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ዋርካው ሥር አገኟቸው። ቄሱ ጨርቁን አዩ፤ ሁለቱን አዩ።

«ልጅ አገኛችሁ እንዴ?»

«ያቺው ናት አባ» አለ ደምሰው። «የቀረቻት ቀን መጣች። መስመር ላይ ዘግይታ ነው።»

ቄሱ እጃቸውን ከጨርቁ በታች ሰድደው ክብደቱን ለኩ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሰማንያዋ ነው?»

«ሰማንያዋ ነው። እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ድረስ።»

«ዘግይቶ የመጣን መመለስ የኔ ፈንታ አይደለም» አሉ። «ጾም ነው፤ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው የሚገባው። ነገ በስድስት ሰዓት ኑ። እናጠምቃታለን፤ ስም እንሰጣታለን። ከዚያ በስሟ ፍትሐቷን አደርስላታለሁ። ሁለት ሰዓት ይተርፈናል፤ ለሁሉም ይበቃል።»

«ጠዋት አይሆንም አባ?» አለች ወይንሸት።

ቄሱ ደምሰውን አዩ። «ሰዓቱን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አለ ደምሰው። «እስከ ስምንት ናት።»

«እንግዲያው ምን ያስቸኩለናል? በሥርዓቱ ይሁን።»

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው እቴነሽ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። የክርስትና እናት እንድትሆን የተጠየቀችው ከሦስት ወር በፊት ነበር፤ የገዛችው ነጭ ቀሚስም ከነላስቲኩ ነበር።

«እኔማ ቀረ ብዬ ለእህቴ ልጅ ልሰጠው ነበር» አለች። «ልኳ ያው ነው አይደል?»

«ያው ነው» አለች ወይንሸት። ደጃፉ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጨርቁን በቀኝ ክንዷ ታቅፋ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር።

«ትተኛለች?»

«ዝም ነው የምትለው።»

«ጨዋ ናት። አባቷን ነው የወጣችው። እኔ ስነሣ ቄሱን ነክሻቸዋለሁ ይላሉ።»

ደምሰው ጓሮ ጺሙን ይላጭ ነበር። የጎረቤት ራዲዮ ተከፍቶ ሁለት ሰዓት መሆኑን ተናገረ፤ ዜና ጀመረ። ወይንሸት ቀና አለች። ራዲዮው ወዳለበት አየች። ከዚያ ጨርቁን ከቀኝ ክንዷ ወደ ግራ አዛወረችው።

«ደከመሽ? ልያዝልሽ?» አለች እቴነሽ።

«አልደከመኝም።»

ከዚያ በኋላ ጨርቁን ለማንም አላስያዘችም። ባጃጅ ውስጥም ሲሄዱ እሷው ያዘችው። እጥፉ አልተነካም።

በስድስት ሰዓት መጠመቂያው ፊት ቆሙ። ውሃው ተባርኳል። ቄስ መርዓዊ ስሙን መርጠው በብጣሽ ወረቀት ጽፈዋል፤ ወረቀቱ መጽሐፋቸው ውስጥ ነበር። ማተቡን ደግሞ እንዲቋጥሩት የአንገቷን ልክ ጠየቁ። ወይንሸት አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገናኝታ አሳየች። ቄሱ በዚያ ልክ ክሩን አዙረው ሁለት ጣት ጨመሩና ቋጠሩት። ልጅ ያድጋል፤ ማተብ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ይለቀቅለታል።

«እንግዲህ ግለጧት» አሉ።

ወይንሸት አልገለጠችም። የገለጠው ደምሰው ነው። ከጨርቁ መሐል አንዲት ነጭ ፍሬ ነበረች። ነካት። ቀዝቃዛ ነበረች።

እቴነሽ አንገቷን አስግጋ አየች። ቀሚሱን መልሳ በላስቲኩ ውስጥ ከተተችው።

«ታርማለች» አለ ደምሰው። «እንዴት? ገና ስድስት ሰዓት ነው። ስምንት አልሆነም።»

«በሁለት ሰዓት ነው የቀለለችው» አለች ወይንሸት።

«በየትኛው ሁለት?»

«በጠዋቱ። ራዲዮው ሁለት ሰዓት ሲል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!»

ወይንሸት ባዶውን ጨርቅ እንደገና አራት ማዕዘን አጠፈችው።

«ስምንት ያልኸው አንተ ነህ» አለች። «ሰዓቱን የምታውቀው አንተ ነህ። ያን ጊዜም ሁለት ይሆን እንዴ ብዬህ ነበር።»

ቄስ መርዓዊ ፍሬዋን በመዳፋቸው ተቀብለው ብዙ አዩዋት።

«ይህቺን ላጠምቅ አልችልም» አሉ። «ይህቺ ያልነበረች ናት።»

«ትናንት ነበረች አባ።»

«ትናንት ነበረች። እኔም በእጄ መዝኛታለሁ።» ፍሬዋን መለሱለት። ከዚያ ማተቡን አነሡ። «ይህ ግን ተባርኳል፤ ተቋጥሯልም። የተቋጠረ ማተብ እኔ አልፈታም። ውሰዱት።»

ደምሰው ፍሬዋንና ማተቡን ኪሱ ከትቶ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደ። ቆጣሪው ዜሮ ይላል። የተላከ ሰማንያ፣ የደረሰ ሰማንያ፣ ስህተት ዜሮ። ወለሉ ንጹሕ ነው። ስልኩ ጮኸ።

«የት ጠፋህ?» አለ ኢንጂነር ኤፍሬም። «ከጠዋት ጀምሮ ፊርማህን እየጠበቅሁ እኮ ነው።»

«በስምንት ሰዓት የሚዘጋ መስሎኝ ነበር።»

«በሁለት ብዬ ጻፍሁልህ እኮ!»

«የፈረንጅ መስሎኝ።»



«በኛ ነው የጻፍሁልህ» አለ ኢንጂነሩ። «ያ የቀጠሮ ሰዓት ነገር ከደረሰብህ በኋላ በፈረንጅ ሰዓት ልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ። አይቸገር ብዬ ነው። እንዳትሳሳት ብዬ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ደምሰው።

«አንድ ወድቆ ነበር መሰለኝ። ሰማንያኛው።»

«ወድቆ ነበር።»

«ታርሟል።»

«ምስክሮቹ ምን አሉ?»

«ዜሮ ነበረ አሉ። አንተ ዜሮ ብለህ አይደል የላክኸው?»

«አዎ» አለ ደምሰው። «ዜሮ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«በቃ። የታረመ ስህተት አይቆጠርም። ፈርምና ላክልኝ።»

ደምሰው ፈረመ። ነጯን ፍሬ ጄሪካኑ ውስጥ ጨመራት፤ ክዳኑን ከደነ። መዳፉ ላይ ያለው 8 በላብ ግማሹ ጠፍቶ ነበር።

ማተቡን ቤት ወስዶ ለወይንሸት መስጠት አልቻለም። መጣልም አይሆንም። ቢጫውን የፋይበር ገመድ ከመሣሪያው ነቅሎ ጫፉን በክሩ ውስጥ አሳለፈና መልሶ ሰካው። ክሩ በገመዱ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወዲህ። ቢቶቹ በመሐሉ ያልፋሉ።

በማግስቱ ጠዋት ክሩ አልተንጠለጠለም ነበር። ክብ ሆኖ ቆሟል፤ አንገት ላይ እንዳለ ማተብ። ውስጡ የሚታይ ነገር የለም፤ ገመዱ ብቻ ነው። ደምሰው ሁለት ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። በክሩና በውስጡ ባለው ነገር መካከል ልክ ሁለት ጣት ይገባል። ሞቃት ነው።

«ዶሮዎቹን አስሬያቸዋለሁ» አሉ ጋሽ ቦሩ ከበሩ ላይ ሆነው። 

ደምሰው አሁንም በየጠዋቱ ወለሉን ይጠርጋል። የሚወድቅ ነገር የለም። በሦስት ሰዓት ይደወልለታል፤ ዜሮ ይላል፤ በመዝገቡም ዜሮ ይጽፋል። ኢንጂነሩ ቀልዱን ትቶታል። ደምሰው ስለ ክሩ ከነገራት ወዲህ ወይንሸት ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ከደምሰው ጋር ብዙ አትነጋገርም። ወደ መደርደሪያው ትሄዳለች፤ ጣቷን በክሩ ውስጥ ትሰዳለች፤ ትንሽ ትቆያለች፤ ትመለሳለች።

በሦስተኛው ሐሙስ አንድ ጣት ብቻ ገባ።

በስድስተኛው ሐሙስ ምንም ጣት አልገባም። ክሩ ተወጥሮ ነበር፤ ከሥሩ አየሩ ላይ ቀጭን ምልክት አውጥቷል።

«ጠበባት» አለች ወይንሸት።

«ቄሱ አይፈታም ብለዋል።»

«እሳቸው አልፈታም ነው ያሉት። ፍታላት።»

ደምሰው ቋጠሮውን በጥፍሩ ፈታ። ከቄሱ ቤት የመጣ ትርፍ ክር ወይንሸት በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ይዛ ነበር፤ እሱን ቀጠለበት። ክሩ ተፈትቶ በእጁ ላይ እስካለ ድረስ በክፍሉ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። ሁለት ጣት ለክቶ ለቀቀና እንደገና ቋጠረው።

ቆጣሪው ዜሮ ይላል። ክሩ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።